«ቁጭ ይበሉ አባባ»

 

የዛሬው ጥያቄ ከቤቴ የወጣ ነው። አንድን አረጋዊ ምንም ሳናስነካ፣ ውሃውን አቅርበን፣ ጫማውን አውልቀን፣ «አርፈው ቁጭ ይበሉ» እያልን ብናኖረው ሐቁን ተወጣን ማለት ነው? ወይስ በክብር ስም የሆነ ነገር ወስደንበታል? ቀላል ጥያቄ ይመስላል። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር።

አያቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሚሠሩት ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በእግር በሚረገጥ ሲንጀር ነው። ቤታችንም እዚያው አካባቢ ነበር። የታክሲ ረዳት «ጊዮርጊስ! ጊዮርጊስ!» ብሎ ሲጣራ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሰፈሩን ነው የሚሰማው፤ እኛም ቤታችሁ የት ነው ስንባል «ጊዮርጊስ» እንል ነበር።

ቀናቸው እንዲህ ነበር። ለሱብሒ በጨለማ ተነስተው ኑር መስጂድ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ዳቦ ገዝተው ይመጣሉ። ከዚያ እስከ ማታ ፔዳሉን ይረግጣሉ፤ ዙህርና ዐስር ሲደርስ ተነስተው መስጂድ ደርሰው ይመለሳሉ። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ ከመዛወሩ በፊት ደግሞ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ራሳቸው መርጠው፣ በዘንቢል ተሸክመው አቀበቱን ይወጡ ነበር። «እኔ ልያዝልዎት» ስላቸው «አንተ ደብተርህን ያዝ» ይሉኛል።

ስፖርት የሚባል ነገር ሠርተው አያውቁም። ከተማችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል በወር አንድ እሁድ መንገዶችን ለመኪና መዝጋት ስትጀምር፣ ወጣቱ ቱታውን ለብሶ ሲሮጥ አይተው «እነዚህ ልጆች የት ለመድረስ ነው የሚሮጡት?» ብለው አስቀውናል። ግን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለች ከተማ፣ ሰባ ዓመት አልፏቸው አብረን አቀበት ስንወጣ የምናለከልከው እኛ ነበርን።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ውስጥ ብዙ ሰፈሮች ለልማት ሲነሱ እኛም ከተነሱት መካከል ሆንን። ከተማው ዳር ካለ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ገባን። እንደ ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች ሊፍት የለውም። ሲንጀሩ የሚቀመጥበት ቦታ ስላልተገኘ ለቆራሌው ሸጥነው። በስንት እንደሸጥነው አልነግራችሁም፤ ያሳፍራል።

በመጀመሪያው ወር አያቴ ደረጃው ላይ ተደናቀፉ። ከኋላቸው ስለነበርኩ ያዝኳቸው። እናቴ ግን በሰማች ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም። በማግስቱ ቤታችን ውስጥ ሕግ ወጣ፦ አባባ ብቻቸውን አይወርዱም። ሕጉ በየሳምንቱ እየሰፋ ሄደ። ዳቦ እኔ እገዛለሁ። የዉዱእ ውሃ እህቴ በማስታጠቢያ ታቀርባለች። ጫማቸውን ታናሽ ወንድሜ ያስራል፣ ይፈታል። ሊነሱ ሲሞክሩ ከሦስት አቅጣጫ «ቁጭ ይበሉ አባባ!» እንላቸዋለን። እሳቸውም ቁጭ አሉ።

እንግዳ ሲመጣ «ማሻአላህ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች አላህ ለሁሉም ይስጥ» ይለናል። እኛም ደስ ይለናል።

ዓመት ሳይሞላ፣ አንድ ቀን መግሪብን ቤት ውስጥ በጀመዓ እየሰገድን አያቴ ሱጁድ ወርደው መነሳት አቃታቸው። ሶላቱ ሲያበቃ ብብታቸውን ይዤ አነሳኋቸው። ምንም አላሉም። ለዒሻ «ወንበሩን አቅርብልኝ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበር ላይ መስገድ ጀመሩ። ከሳምንታት በኋላ ብቻችንን ሳለን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ግንባሬ መሬቱን ናፈቀው» አሉኝ።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈችኝ ይህች ቃል ናት።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳቸው። ትልቅ በሽታ ይገኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሐኪሙ መርምሯቸው፣ ጉልበታቸው ላይ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ጉዳት እንዳለ ነገረኝና «ቀን ቀን ምን ይሠራሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። በኩራት «ምንም! ምንም አናስነካቸውም» አልኩት። ዝም ብሎ አየኝ። «እንግዲያው ትልቁ በሽታቸው እሱ ነው» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰው ጡንቻ ከሠላሳዎቹ ዕድሜ በኋላ ቀስ በቀስ መቀነስ ይጀምራል፤ ከስልሳ በኋላ ቅነሳው ይፈጥናል። ሥራ የሚያገኝ ጡንቻ ቅነሳውን ይቋቋማል፤ ሥራ ያጣ ይሟሽሻል። ወጣት ሁለት ሳምንት ቢተኛ ቶሎ ያገግማል፤ አረጋዊ ግን በሁለት ሳምንት መኝታ ያጣውን ለመመለስ ወራት ሊፈጅበት ይችላል። ቶሎ ከሚደክሙት መካከል የጭን ጡንቻዎች አሉ። ከወንበር የሚያስነሱን፣ ደረጃ የሚያስወጡን፣ ከሱጁድ የሚያቆሙን እነሱ ናቸው። ሚዛን መጠበቅም እንዲሁ ነው፤ ዓይን፣ የውስጥ ጆሮ፣ ውስጥ እግርና ጡንቻ ተባብረው የሚሠሩት ሥራ ስለሆነ ካልተለማመዱት ይጠፋል።

ታዲያ እናቴ ስትፈራ ተሳስታ ነበር? አልተሳሳተችም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ አብዛኞቹም ዕድሜያቸው ከስልሳ በላይ ነው። ፍርሃቷ እውነተኛ ነው፤ የተሳሳተው መድኃኒቱ ነው። እንዳይወድቁ አስቀመጥናቸው፤ በመቀመጣቸው ደከሙ፤ በመድከማቸው ለመውደቅ ይበልጥ ቀረቡ፤ ስለቀረቡ ይበልጥ አስቀመጥናቸው። 

ይኸው ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ እንደ ፈጠን ያለ እርምጃ ያለ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ፣ 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ደግሞ ሚዛንን የሚያለማምድ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ይህን ያህል ያልቻለ የቻለውን ያህል ያድርግ፤ ከምንም ጥቂት ይሻላል። 150 ደቂቃ ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን ከሃያ ደቂቃ ብዙ አይበልጥም። መስጂዱ፣ ዳቦው፣ ዘንቢሉ፣ ፔዳሉ! አያቴ መመሪያውን ሳያነቡት ኖረውበታል። እኛ ነን ያስተውናቸው።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ።

ቁርኣን በሱረቱል ኢስራእ፣ ወላጆቻችን እኛ ዘንድ ሆነው ለእርጅና ሲደርሱ «ኡፍ» እንኳ እንዳንላቸው ያስጠነቅቀናል። እኔ አያቴን በአፌ «ኡፍ» ብያቸው አላውቅም። ግን ራሴን ስመረምር አንድ ነገር አገኘሁ። ደረጃውን ለመውረድ አሥር ደቂቃ ይፈጅባቸዋል፤ እኔ በሁለት ደቂቃ ሮጬ ዳቦውን አመጣዋለሁ። ጫማቸውን ለማሰር ረጅም ጊዜ ይታገላሉ፤ ታናሽ ወንድሜ ወዲያው ያስርላቸዋል። «ቁጭ ይበሉ» የምላቸው ለማን ብዬ ነበር? ለደኅንነታቸው? አዎ፣ በከፊል። ነገር ግን ለራሴ ጊዜም ነበር። ዝግታቸውን መጠበቅ አልቻልኩም። አፌ ያላለውን «ኡፍ» እጄ ይለው ነበር፤ ጨዋ ሆኖ፣ አገልግሎት መስሎ።

እዚህ ላይ ነው ሁለት ነገሮች የሚለያዩት። አንድን ሰው ማገልገል ሌላ ነው፤ በእሱ ቦታ መተካት ሌላ ነው። የሚያገለግል ሰው «ይህን ለማድረግ ምን ጎደለዎት?» ብሎ ይጠይቃል፤ የሚተካ ሰው «ይተዉት፣ እኔ አደርገዋለሁ» ይላል። መደገፊያ የሌለው ደረጃ ላይ መደገፊያ ማሠራት አገልግሎት ነው። ደረጃውን ጨርሶ መከልከል ግን የሰውየውን ሕይወት እኛ እንኑርልህ እንደማለት ነው። ክብራችን ሁሉ በመቀመጥ የሚገለጽ መሆኑን አስተውላችኋል? ትልቅ ሰው ሲገባ ተነስተን ወንበር እንለቃለን፣ ታክሲ ውስጥ ቦታ እንሰጣለን፣ «አይነሱ፣ አይልፉ» እንላለን። መልካም አደብ ነው፤ አላህ አያጥፋብን። ግን የደከመውን ማስቀመጥ እንጂ ያልደከመውን ማስቀመጥ ክብር መሆኑን እጠራጠራለሁ።

በመዲና ከመስጂዱ ራቅ ብለው የሚኖሩ በኑ ሰሊማ የሚባሉ ጎሳዎች ነበሩ። በመስጂዱ ዙሪያ ባዶ ቦታ ሲገኝ ቀርበው ለመስፈር አሰቡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን እርምጃዎቻቸው እየተጻፉላቸው መሆኑን ነግረው ባሉበት እንዲቆዩ መከሯቸው፤ ኢማሙ ሙስሊም ዘግበውታል። ነቢዩ ራሳቸውም በየቅዳሜው ወደ ቁባእ መስጂድ ይሄዱ ነበር፤ አንዳንዴ ተሳፍረው፣ አንዳንዴ በእግራቸው። ከመስጂዳቸው እስከ ቁባእ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መዲና የኖሩትም ከሃምሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ ነው።

እኛ እርምጃን እንደ ወጪ እንቆጥራለን፤ ባነሰ ቁጥር ያተረፍን ይመስለናል። በበኑ ሰሊማ ታሪክ ውስጥ ግን እርምጃው ራሱ ገቢ ነው። የዳቦውን መንገድ ከአያቴ ስወስድ ድካማቸውን የወሰድኩላቸው መስሎኝ ነበር። የወሰድኩባቸው ግን እርምጃቸውን ነው። ቤተሰብን መመገብ ሰደቃ ከሆነ ደግሞ አጅራቸውንም ጭምር ነው።

«አላህ ሩኽሳ ሰጥቶ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ሰጥቷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለታመሙት ሰሓባ ለዒምራን ኢብኑ ሑሰይን ቆመው እንዲሰግዱ፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያም ካልተቻለ በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ አስተምረዋቸዋል። ይህ እዝነት ነው፤ ወንበር ላይ የሚሰግድን ሰው ማንም በዓይኑ እንዳይገምተው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አለመቻሉ ከአላህ ሲመጣ ሩኽሳው በረከት ነው። አለመቻሉን በፍቅር ስም ያመጣነው እኛ ስንሆንስ? በቀን አሥራ ሰባት የፈርድ ረከዓ አለ፣ ሠላሳ አራት ሱጁድ። ሶላት ዒባዳ ነው፤ ወደ ጂምናስቲክ ማውረድ አልፈልግም። ግን ዒባዳው የሚፈጸመው በዚህ ሥጋ ነው። ሐጅም እንዲሁ ነው። አረጋውያኖቻችን ዕድሜ ልካቸውን ሳንቲም በሳንቲም ለሐጅ ያጠራቅማሉ፤ በሶፋና በመርዋ መካከል ያለው ሰባት ጊዜ ምልልስ ብቻ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ገንዘቡን ስናጠራቅምላቸው እግሩን ማን ያጠራቅምላቸው?

ሌላም ክርክር አለ። «እርጅና የአላህ ውሳኔ ነው፤ ምን ያታግለናል?» የሚል። እውነት ነው፣ ሱረቱ ሩም አላህ ከድካም በኋላ ብርታትን፣ ከብርታት በኋላ ደግሞ ድካምንና ሽበትን እንዳደረገ ይነግረናል። ማንም ከዚህ አያመልጥም፤ ሚሊዮን እርምጃ የተራመደም ይሞታል። ግን ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ለመመለስ ወሰኑ፤ ከአላህ ቀደር ይሸሻሉን ተብለው ሲጠየቁ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱ። ወንበሩ ቀደር ከሆነ ደረጃውም ቀደር ነው። ስለ መረጥነው እንጠየቃለን።

በጣም የከበደኝ ግን ሦስተኛው ክርክር ነው። «እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ለፍተዋል፤ አሁን ማረፍ አይገባቸውም?» የሚለው። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት በጀርባዋ ተሸክማ ስትወርድ የኖረች እናት ዘንድ ሄዶ «በሳምንት 150 ደቂቃ ተንቀሳቀሺ» ማለት ስድብ ነው። ዛሬም በየመንገዱ ዳር ቆሎ እየሸጡ፣ ለዕለት ጉርስ የሚለፉ አረጋውያን አሉ፤ የእነሱ ችግር መቀመጥ ሳይሆን ማረፊያ ማጣት ነው። ስለዚህ እረፍት ሐቅ መሆኑን አልክድም። ግን ሐቅ ከሆነ የባለሐቁ ነው። ደክሞት የሚቀመጥና ሌላ ሰው ያስቀመጠው እኩል አይደሉም። አያቴን «ማረፍ ይፈልጋሉ?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው በቤታችን አልነበረም። እኔም ራሴ አልጠየቅኳቸውም፤ ወሰንኩላቸው። ሰባ ስድስት ዓመት የኖረን፣ ቤተሰብ ያሳደገን ሰው ስለ ገዛ እግሩ ሳንጠይቀው ወሰንንበት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዐብደላህ ኢብኑ ዐምር ሰውነትህ በአንተ ላይ ሐቅ አለው ያሉት ባለቤቱን ነው። በሰውነቱ ላይ የተሰጠውን አማና የልጅ ልጁ ተቀብሎ ሊይዝለት አይችልም።

አንድ ቀን እናም ጠየቅኳቸው። «አባባ፣ ምን ይፈልጋሉ?» ብዙ አላሰቡም። «ሲንጀሬ የት አለ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ቀጥለው «በቃ ግድ የለም፣ መስጂድ በእግሬ ልሂድ» አሉ።

ከባለሙያ በተማርነው መሠረት በጥቂቱ ጀመርን። ክንዳቸውን ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፤ መጀመሪያ ሦስት ጊዜ፣ በኋላ አሥር። ጠረጴዛ ይዘው ተረከዛቸውን ማንሳት። ግድግዳ ተደግፈው በአንድ እግር መቆም። ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ። ከዚያ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው አንድ ፎቅ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ምድር። የዳቦው ገንዘብ ወደ እሳቸው ኪስ ተመለሰ። እናቴ መስኮት ላይ ቆማ ዱዓ ታደርጋለች፤ እስኪመለሱ አትቀመጥም። (የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስዱ ወላጆች ያሏችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማቸውን አማክሩ። በእንቅስቃሴ መሃል ደረት ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ወዲያው ማቆምና መታከም ነው።)

በዚህ ሁሉ የከበደው ለእሳቸው ሳይሆን ለእኔ ነበር። ከእሳቸው ጋር መራመድ አልቻልኩበትም። ሁለት እርምጃ ቀድሜ እገኛለሁ፤ ስልኬን አወጣለሁ፤ ዞሬ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ቆም ብለው «አንተ ልጅ፣ የሚያባርርህ አለ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስልኬን ቤት መተው ጀመርኩ። በዝግታቸው ውስጥ ስገባ ያልሰማሁትን ሰማሁ፤ በልጅነታቸው ከአገራቸው ሲወጡ መኪና እስከሚያገኙበት ድረስ በእግራቸው እንዴት እንደመጡ፣ የመጀመሪያውን ሱሪ ለማን እንደሰፉ፣ አያታችንን ሲያገቡ ምን እንደለበሱ። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሳሉ ይህን ሁሉ አንድም ቀን አልነገሩንም። እኛም አልጠየቅናቸውም።

እህቶቼ፣ ይህ ለአባቶች ብቻ አይደለም። እናቶቻችን ሴት ልጅ ሲያድግላቸው ወይም ሠራተኛ ሲቀጠርላቸው ከማዕድ ቤት ይነሳሉ፤ ከዚያ ወዴት ይሄዳሉ? ሶፋ ላይ። ብቻቸውን ወጥተው ለመራመድ ደግሞ ሰው ምን ይለኛል ይላሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር በሩጫ ተወዳድረዋል፤ አንድ ጊዜ እሷ ቀደመች፣ ከዓመታት በኋላ እሳቸው ቀደሙ። ሒጃቧን ለብሳ ከእናቷ ጋር ከዐስር በኋላ ሰፈር የምትዞር ልጅ ምንም የሚያሳፍር ነገር አልሠራችም።

ለእኛ ለወጣቶችም አንድ ቃል። ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር ብርቱ ወጣት ነበሩና በጾምና በሶላት ብዙ ካልሠራሁ ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ለመኗቸው፤ ቀለል ያለውን አልቀበልም አሉ። ሲያረጁ ግን ያንን ማቅለል ተቀብዬው በነበረ ብለው ተመኙ። አርጅተን የምንኖርበትን ሥጋ የምናዘጋጀው ዛሬ ነው። ለመስተዋት ብለን ሦስት ወር ጂም ገብተን የምንተወው ብርታት ለሰባ ዓመታችን አይደርስም። በየቀኑ የማይቋረጥ ጥቂት እርምጃ ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ።

ባለፈው ጁምዓ አያቴን በታክሲ ጊዮርጊስ አደረስኳቸው። ወርደን በእግራችን ወደ ኑር መስጂድ ጀመርን። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ተስተካክሏል፤ ለአረጋዊ እግር ይመቻል። ይራመዱበት ከነበሩት የድሮ ጎረቤቶቻችን ግን ያገኘነው ሁለት ብቻ ነው። አያቴ አንድ ቦታ ላይ ቆመው በከዘራቸው ጠቆሙ። «እዚህ ጋ ነበር በረንዳዬ» አሉ። የቆሙት ለአንድ ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ራሳቸው «እንሂድ» አሉኝ።

መስጂድ ውስጥ ወንበር አቀረብኩላቸው። የመጀመሪያውን ረከዓ ቆመው፣ ሩኩዕ አጎንብሰው፣ ሱጁዱን ወንበሩ ላይ ሆነው ሰገዱ። በሁለተኛው ረከዓ ግን ወንበሩን በእጃቸው ይዘው ቀስ ብለው ሲወርዱ ታወቀኝ። ግንባራቸው ምንጣፉን ነካ። ሶላቱ ሲያበቃ እንደለመድኩት ላነሳቸው እጄን ዘረጋሁ። እጄን አልያዙም። የወንበሩን ጠርዝ ያዙ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ተነሱ። እኔም እጄን ሰበሰብኩ።

ሁሉም አልተመለሰም። አንዳንድ ቀን ዛሬም ወንበር ላይ ይሰግዳሉ፤ ጉልበታቸው በብርድ ያማቸዋል፤ ሲንጀሩም አልተገኘም። ግን ቤታችን ውስጥ አንድ አባባል ተቀይሯል። «ቁጭ ይበሉ አባባ» የሚለው ቀርቶ «አባባ፣ እንሂድ?» ሆኗል። መልሱ የእሳቸው ነው። አንዳንዴ «ዛሬ ደክሞኛል» ይላሉ፤ ያኔ ወንበሩን በደስታ አቀርብላቸዋለሁ።

ዛሬ ከጁምዓ በኋላ በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ያለን አንድ አረጋዊ ጠይቁ፦ «ትንሽ እንራመድ?» እሺ ካሉ ስልካችሁን ቤት ተዉት፣ ከጎናቸው ሁኑ፣ አትቅደሟቸው። እንቢ ካሉ ነገም ጠይቁ።

አላህ ሆይ! አረጋውያኖቻችንን በጤናና በዒባዳ አቆያቸው። ትዕግሥት አጥተን የነጠቅናቸውን ይቅር በለን። እኛንም ለእርጅና ብታደርሰን በእግራችን ወደ ቤትህ ከሚመጡት፣ ግንባራቸው መሬትን ከሚነካ ባሮችህ አድርገን። ኣሚን።

ጁምዓ ሙባረክ።